ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖች

በሰፈሬ ስሜ «ቄሱ» ነበር። ቅስና የለኝም፤ የድቁናውንም ትምህርት ገና በልጅነቴ ጀምሬ ነው የተውኩት። ስሙን ያወጡልኝ የአራዳ ልጆች ናቸው። በፒያሳ ግሮሰሪዎች በር ሳልፍ ፊቴን አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ስለነበር፣ አንድ ቀን አንዱ ከባንኮኒው ሥር ብድግ ብሎ «አባ፣ ይፍቱኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቤና ከመሥሪያ ቤቴ በቀር ኃይሉ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ።

መጠጥ የጠላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችንን አረቄ ነው የቀበረው። እማዬ ከቀብር መልስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሚኪያስን ንስሐ አባታችን ፊት አቁማ፣ የሚያሰክር ነገር ከአፋችን ላይገባ ቃል አስገባችን። ሚኪያስ ያኔ ሕፃን ስለነበር ምን እንዳለ እንኳ አያስታውስም። እኔ ግን ቃሌን ይዤ አደግኩ፤ አደግኩ ብቻ ሳይሆን ኮራሁበት። መንገድ ዳር የሚንገዳገድ ሰው ሳይ ሰው ያየሁ አይመስለኝም ነበር። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ ሁሉ የደረሰው በዚያ እንዲህ ይኮራ በነበረው ሰውዬ፣ በእኔው ላይ ነው።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ አባወራ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው ጥግ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ሚኪያስ ከሞባይል ጥገና ሥራው ሲመለስ ቤት አይገባም፤ በቀጥታ ወደዚያ ጥላ ነው። እዚያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጣት፣ ዕድሜዋ ከእሱ የማያንስ ሞተር ሳይክል አለችው። እንደ ብዙዎቹ በነፋስ ሳይሆን በራዲያተር ውሃ የምትቀዘቅዝ ዓይነት ናት። አድሶ ሊነዳት ቆርጧል። ለእኔ ግን ቆራሌው ያላገኛት ብረት ነበረች። ለቅዳሴ ባዘጋጀሁት ነጠላ ላይ የዘይት እጁን ያሳረፈ ቀን ተጣላን። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው በእማዬ በኩል ሆነ። አንድ ማዕድ እየበላን «ጨው አቀብለኝ በይው» እስከመባባል ደርሰን ነበር።

ስለ ሞተሯ ሕመምም የሰማሁት ለእማዬ ሲያስረዳት ነው። ሞተሯ ዘይትም ውሃም ታፈሳለች። ከሥሯ ካርቶን አንጥፎ ያሳድርና ጠዋት እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ይመረምረዋል።

«ተመልከቺ እማዬ። ጥቁሩ ዘይት ነው። አረንጓዴው ኩላንት ነው፣ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው። ሁለቱም ጠብ የሚሉት እዚህ ነው። የሚመጡት ግን ከዚህ አይደለም።»

«ከየት ነው ታዲያ?»

«ከላይ። ከላይ ይነሳና በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ እዚህ ጠብ ይላል። ጠብ የሚልበትን ቦታ ብቻ አይቶ የሚደፍን መካኒክ ሞተር ገዳይ ነው።»

«እንደ ጣራችን ነዋ» አለች እማዬ። «የሚያፈሰው አልጋዬ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ግን በር ላይ ነው።»

ሞተሯን በናፍጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰባት። አስነስቶ ሲያያት ነጩ ፓውደር ከአንድ ጎን በኩል እየጠቆረ መጣ። የዘይቱ መነሻ ተገኘ፤ በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን አርጅቶ ነው። እሱን ለወጠና ካርቶኑ ላይ ጥቁሩ ጠፋ። በሳምንቱ አረንጓዴውም ጠፋ። ሚኪያስ ግን አልተደሰተም፤ ራዲያተሩ በየቀኑ እየጎደለ ነበርና። መሬት ላይ ጠብ ሳይል የሚጎድል ውሃ የት ይገባል? የሞተሩን ዘይት ሲቀዳው ማኪያቶ መስሎ ወጣ።

«ውስጥ ለውስጥ ነው የምታፈሰው» አላት እማዬን፣ ድምፁ ሰለል ብሎ። «ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። ከየት እንደሚገባ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ላዩን ከፈትኩት፣ ምንም የለውም።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ይሸጣታል ብዬ።

አርብ ከሰዓት እማዬ ከጠበል ተመለሰች። የሄደችው ለእኔ ነው፤ ጨጓራዬ ዓመቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ነው የኖረው። ጠበሉን እምነት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅዱስ አመድ፣ በጥብጣበት በትንሽ ቢጫ የምግብ ዘይት ጀሪካን ይዛው መጣች። ደክሟት ነበርና ግቢው በር ላይ አስቀመጠችው። በዚያው ሰዓት ሚኪያስ አዲስ ኩላንት ከውሃ ጋር ደባልቆ በሌላ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሞልቷል። መቼም በእኛ ከተማ ባዶ የዘይት ጀሪካን የማይዘው ነገር የለም፤ ጋዙም፣ ጠላውም፣ ጠበሉም የሚቀመጠው በእሱ ነው።

«ሚኪ፣ ጠበሉን ወደ ቤት አስገባልኝ» አለችው።

«እማዬ፣ እጄን እዪው። በዚህ እጅ ጠበል ልንካ?»

ይሁን እንጂ የሰው እግር እንዳይረግጠው ብሎ፣ በእጁ መዳፍ ሳይነካው በክንዶቹ መሀል አቅፎ ከመንገድ አነሳውና ወደ ጥላው፣ ከራሱ ጀሪካን ጎን አስጠጋው። አክብሮ ነው። እማዬ እግሯን ታጥባ አረፍ ካለች በኋላ ስትወጣ ጀሪካኑን ከሞተሯ አጠገብ አየችው። «ጠበሌን ከዘይት መሀል!» ብላ ተቆጥታ አንዱን ብድግ አደረገችና ወስዳ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠችው። እሷም አክብራ ነው። ያነሳችው ግን የሚኪያስን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ አባታችን ሆይ አልኩ፣ መስኮቱ ሳይከፈት ከጀሪካኑ በእማዬ ጥቁር የሸክላ ኩባያ ሞልቼ ቀዳሁ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው። ገና ስጎነጨው ደነገጥኩ። ይጣፍጣል። ለዓመታት የጠጣሁት ጠበል ሁሉ የድንጋይና የአመድ ጣዕም ነበረው፤ ይሄ ግን ማር እንደነካው ውሃ ነው።

«እማዬ!» አልኩ፣ እንባዬ መጥቶ። «ጠበሉ ጣፈጠኝ!»

እማዬ እልል አለች። «ተፈቀደልህ ልጄ! ለሰው ሁሉ እንዲህ አይሆንም። በል ጨርሰው!» ጨረስኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠዋት የተባረክሁ መስሎ የተሰማኝ ጊዜ የለም። ግማሽ ደግሞ ደገምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወለሉ ማዘንበል ጀመረ። ልቀመጥ ብዬ ከወንበሩ ጎን ቁጭ አልኩ። ሳቄ መጣ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። እማዬን ልጠራ ስል ምላሴ ወፈረብኝ። ከውጭ የሚኪያስን ጩኸት ሰማሁ፤ «አገኘኋት! አገኘኋት!» እያለ ግቢውን አመሰው። ምን እንዳገኘ የነገረኝ በኋላ ነው። ከሞተሯ የውሃ ፓምፕ ሥር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች አሉ፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት። የፓምፑ ላስቲክ ሲያረጅ ውሃው ወደ ዘይቱ ከመግባቱ በፊት በእሷ ጠብ እያለ ይናገራል። ከዚህ በፊት ሞተሯን የያዘ ሰው ግን የምታፈሰው እሷ መስላው በብረት ማጣበቂያ ደፍኗታል። የቀረው ጥቂት ሽንቁርም በዘይትና በአቧራ ሲዘጋ ውሃው ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ሚኪያስ ያን ጠዋት ቀዳዳዋን በምስማር እየፈለፈለ ነበር።

ወደ እኩለ ቀን ማስመለስ ጀመረኝ። እማዬ ሳህን ይዛ ጀርባዬን እያሻሸች «እሰይ! እሰይ! እየሠራ ነው!» ትላለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ድምፅ ሰምተው መጡ። አዩኝና አማተቡ።

«ዓይኑን እዪው» አሉ። «የእሱ ዓይን አይደለም።»

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ጠበል ሲነካው የሚያስመልሰው፣ የሚንገዳገደው፣ የሚለፈልፈው ሰው መንፈስ ያለበት ሰው ነው። ይህን ከልጅነታችን ስናይ ነው ያደግነው። ስለዚህ እናቴ አጎንብሳ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና በማላውቀው ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ማን ነህ አንተ? በስሙ ተናገር! ማን ነህ?»

እኔ ነኝ ልላት ፈለግኩ። ኃይሉ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እ… ኃ… ኃ…» የሚል ነገር ነው። እናታችሁ ፊታችሁን ይዛ ማን ነህ ስትላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ስማችሁን መጥራት ሲያቅታችሁ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉም ይገባኛል፣ አንዲት ቃል ግን ማውጣት አልችልም። አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ለቅሶዬን ሲያዩ «አይዞሽ፣ ሊወጣ ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጨምሪለት» አሉ።

እማዬ ቀዳች። ኩባያውን ከንፈሬ ላይ አድርጋ «ዋጥ የኔ ጌታ» አለችኝ። የእናቴ እጅ ነው፤ ዋጥኩ።

ሚኪያስ ጩኸቱ ሲበዛበት በር ላይ ብቅ አለ። «ምን ሆኖ ነው? ሐኪም ቤት ብንወስደውስ?»

«ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ይነካል? ዞር በል ከዚህ፣ በዚያ እጅህ!» አለችው። እንደተጣላን ያውቃል፣ እኔም ዝም አልኩት፤ መናገር አቅቶኝ መሆኑን በምን ይወቅ። ተመለሰ።

ሥራውን ቀጠለ። ቀዳዳዋን ከከፈተ በኋላ የቀረውን ጀሪካን አንስቶ ራዲያተሩን ሞላ። ከሥር አዲስ ካርቶን አንጥፎ፣ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀ። አረንጓዴ ጠብታ ከቀዳዳዋ ከወጣ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ጠብታዋ ወጣች። ካርቶኑ ላይ ስታርፍ ግን ቀለም የላትም። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። በጣቶቹ አሻት። ኩላንት ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል፤ ይሄ ግን ውሃ ነው። ጀሪካኑን ዘቅዝቆ ሲያየው ከሥሩ ግራጫ ደለል ወረደ። እምነት።

እየሮጠ የገባበት ኮቴ አሁንም ይሰማኛል። እትዬ አስካለ የጣፈጠውን ጠበል ለበረከት ሊቀምሱ ኩባያውን አንስተው ነበር። ሚኪያስ ከእጃቸው ላይ መንጭቆ ግድግዳው ላይ ሰበረው።

«ጠበል አይደለም! እማዬ፣ ጠበል አይደለም! የሞተሬ ነው! ጠበሉ ሞተሬ ውስጥ ነው ያለው!»

እማዬ ወደ ኩባያው ስብርባሪ ዞረች። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

ሚኪያስ ጀሪካኑን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ ወጣ፤ እማዬም ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችን። ሞተሯ ተፈታትታ ቆማለች። ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ቅያስ ላይ ሁለቴ ወደቅኩ። አንድ ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ እኔን አይቶ «ሰካራም አንጭንም ወንድሜ፣ ወንበር ያበላሻል!» ብሎ በሩን ዘጋው። ከግሮሰሪው በር ላይ ሳቅ ተነሳ። «ኧረ ጉድ! ቄሱ! ቄሱ ሰከረ!»

«አልሰከረም! መርዝ ጠጥቶ ነው!» አለ ሚኪያስ እያለቀሰ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አንድ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ እየሮጠ መጣ። ያው «ይፍቱኝ» ያለኝ ሰውዬ ነው። ምንም ሳይጠይቅ ጀርባው ላይ አዘለኝ፣ መንገዱ መሀል ቆሞ አንድ የቤት መኪና በግድ አስቆመልን። አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። እየሞትኩ እንኳ ፊቴን አዞርኩበት፤ ልማድ ክፉ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ሲቆም ሰውዬው በመስኮት ወጥቶ ሾፌሮቹን ሁሉ ሲለምን ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ የተቀበለን ልጅ አየኝና ሳቅ አለ። «ስንት ጠርሙስ ነው? ይተኛና ይለፍለት።» ሚኪያስ ነጭ ፋሻ ከጠረጴዛው ላይ ጎትቶ የጀሪካኑን ትራፊ አፈሰሰበት። ፋሻው አረንጓዴ ሆነ። አንዲት ወጣት ዶክተር ከወዲያ ማዶ አየችው።

«የመኪና ነው? ምን ያህል ጠጣ? መቼ?»

እማዬን አዩዋት። «ጠዋት አንድ ኩባያ ተኩል» አለች። «ከዚያ እኔ… አንድ።»

ዶክተሯ ቶሎ ቶሎ አስረዳች። ፈሳሹ ራሱ አይደለም የሚገድለው፤ ጉበት ሲፈጨው የሚወጣው ነው ኩላሊትን የሚዘጋው። ስለዚህ ጉበቱን በሌላ ነገር መጥመድ አለብን፣ ለዚህ የተሠራው መድኃኒት ደግሞ እጃችን ላይ የለም አለች።

«ሌላው አማራጭ አልኮል ነው» አለችው ሚኪያስን። «የሚጠጣ። ሮጠህ የታሸገ ቮድካ ይዘህ ና። የቤት አረቄ እንዳታመጣ፣ ልኩ አይታወቅም። እኛ ኩላሊት እጥበቱን እናዘጋጃለን።»

«ዶክተር… እሱ እኮ አይጠጣም።»

«ዛሬ ይጠጣል።»

ጠርሙሱ መጣ። ልክ ተደርጎ ተለካ፣ ተበረዘ። ሽታው ሲደርሰኝ አባታችን በሩን ሲያንኳኳ የነበረው ሌሊት ሁሉ መጣብኝ። ጥርሴን ገጠምኩ። ሚኪያስ እግሬን ይዞ «ጋሼ፣ በእናትህ፣ ጋሼ» ይለኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያናገረኝ። ራሴን አወዛወዝኩ። ቃሌ ካልቀረልኝ ሌላ ምን አለኝ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ወይም ልቤ ስቶ ነው፤ አላውቅም።

«እምቢ ካለ በአፍንጫው ቱቦ ማስገባት ነው፤ ግን እየታገለ ከሆነ አደጋ አለው» አለች ዶክተሯ። «እማማ፣ እርስዎ ቢሞክሩት ይሻላል።»

እማዬ ብርጭቆውን ተቀበለች። ሽታው ፊቷ ላይ ሲወጣ ዓይኗን ጨፈነች። ከአባታችን ቀብር ወዲህ ያንን ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም። ከዚያ አማተበችበት። ቮድካ ላይ አማተበች።

«ኃይሉ፣ ዋጥ።»

«ቃል… ገብ…»

«ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ፈጣሪ ከጠየቀም እኔን ይጠይቀኝ። ዋጥ!»

ከንፈሬ ላይ አደረገችው። ዓይኖቿን አየሁ። በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ልጇን ከእጇ እያጠጣች ነው፤ የመጀመሪያው ምን እንደነበር አሁን ታውቃለች፣ ይሄኛው ምን እንደሚሆን ግን አታውቅም። ዋጥኩ። አቃጠለኝ። ዶክተሯ በየሰዓቱ አስለካች፣ እማዬ በየሰዓቱ አጠጣችኝ። አባቱን የቀበረው ነገር ልጁን እንዲያተርፍ እናቴ እንባዋን እየዋጠች ስታሰክረኝ ዋለች።

ተረፍኩ። ኩላሊቶቼ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሱልኝም፤ እስከ ዛሬ ክትትል ላይ ነኝ። ዶክተሯ ስትሸኘን፣ ወንድምህ እስከ ማታ ቢዘገይ ኖሮ እጥበቱም ባላዳነህ ነበር አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እባካችሁ የሞተርና የመኪና ነገር በምግብ ዕቃ አታስቀምጡ። ይህን ስል ጠበል መጠጣቴን የተውኩ እንዳይመስላችሁ። ጠበሉ አልበደለኝም። እንዲያውም እማዬ ለሰው ስትናገር «ጠበሉ በሞተሯ ገብቶ ተናገረ» ትላለች። ከሞተሯ ሥር በሆዱ ተኝቶ ጠብታ የጠበቀው የናቅሁት ወንድሜ፣ ጀርባው ላይ ያዘለኝም ፊቴን ያዞርኩበት ሰው ነው። አሁን መንገድ ላይ የሚንገዳገድ ሰው ሳይ እቆማለሁ። ጠጋ ብዬ ምን ጠጣህ እለዋለሁ። አብዛኞቹ ይሰድቡኛል። ይሁን።

ሚኪያስ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ጀሪካኑን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ እያለ ሞተሯን ለመሸጥ ሁለት ጊዜ ገዢ አምጥቶ ነበር፤ መለስኩበት። ሁሉንም ተነጋግረንበታል፣ ስቀንበታልም።

እማዬ በእጇ ያጠጣችኝን ያን ሁለተኛ ኩባያ ግን ማንም በወሬ አያነሳውም። እኔም፣ ሚኪያስም፣ እትዬ አስካለም። እማዬም ስለ እሱ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ብቻ ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ውሃም ይሁን ሻይ፣ መድኃኒት የምውጥበት ቢሆን እንኳ፣ ለእኔ ከመስጠቷ በፊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጎነጫለች። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ዞር ብላ ትሰጠኛለች።

አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ተይ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት። ተቀብዬ ጠጣሁ።